የጫማ ነጋዴው ራጅና የኪስ ስልክ

የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ብዙ ዓመት ስኖር ለተማሪዎቼ አንድ ትልቅ ውሸት ነግሬአለሁ። የነገርኋቸው ለክፋት አልነበረም፤ ለጥቅማቸው መስሎኝ ነው። ዳሩ ግን ነገሩ እንዳሰብሁት ሳይሆን ቀርቶ እኔኑ መልሶ አስተማረኝ። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ለወጣት አንባቢዎች እንዳለ ለመጻፍ ፈቀድሁ።

አንድ ቀን ጧት ስለ ዐድዋ ዘመቻ ሳስተምር፥ በሦስተኛው ተርታ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ራስዋን ደፍታ አየሁ። ደብተርዋን የምታነብ መስሎኝ ጠጋ ብል፥ በጠረጴዛዋ ሥር የኪስ ስልክ ይዛ ታያለች። ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት ቢሆን ነው። ዐይንዋ ቀልቶ ፊትዋ ገርጥቶ ነበር። እኔም ስልኩን ከእጅዋ ወሰድሁና፥ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፥ «ይህ የያዛችሁት ነገር ጨረሩ አንጎላችሁን ቀስ በቀስ የሚያበስል መሆኑን ዕወቁ። ዛሬ ከጆሮው የማያወርደው ሁሉ፥ የዛሬ ሃያ ዓመት በራሱ ውስጥ ዕጢ በቅሎ ያገኘዋል። ይህንንም ሐኪሞች መርምረው አረጋግጠውታል» አልሁ። ልጆቹ ጸጥ አሉ። እኔም በጸጥታቸው ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ያችው ተማሪ ትምህርት ካበቃ በኋላ ወደ እኔ መጣችና፥ «መምህር፥ ያሉንን ነገር ፈልጌ አነበብሁ፤ ሐኪሞች አረጋገጡ የሚል ግን አላገኘሁም» አለችኝ። የተናገረችው በትሕትና ነው። እኔ ግን ተቈጣሁ። «ከእኔ ይልቅ ስልክሽን ታምኛለሽን?» ብዬ ከፊቴ አሰናበትኋት። እርስዋም ከበሩ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ፥ ቀስ ባለ ድምፅ፥ «እንግዲያው ስለ ዐድዋ የነገሩንስ?» አለችና ሄደች።

ይህ ቃል ሌሊቱን ሁሉ ሲመላለስብኝ አደረ። ስለ ስልክ ዋሽቼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ነገር ግን አስተማሪ በአንድ ነገር ሲዋሽ ከተያዘ፥ እውነቱንም የነገረውን አብሮ ያጠፋዋል። ከማግሥቱ ጀምሮ ስለዚህ ነገር የተጻፈውን መመርመር ያዝሁ። የታሪክ ሰው ስለ ሆንሁም ከመጀመሪያው መነሣት ነበረብኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የቴሌፎንን ሥራ በስሙ ያስመዘገበው በአሜሪካ አገር በ1876 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ፥ ራስ መኰንን ወደ ኢጣልያ ተልከው ሲመለሱ ይህን መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ይዘው መጡ። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተተክሎ ሰው ሳይታይ ድምፁ ብቻ መሰማት ሲጀምር፥ ከካህናቱ አንዳንዶቹ ይህ የሰይጣን ሥራ ነው፥ ከቤተ መንግሥት ይውጣ ብለው ነበር ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልሰሙአቸውም። በ1894 ዓ.ም. ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የቴሌፎን መስመር መዘርጋት ተጀመረ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎች በነገርሁ ቍጥር ይሥቁ ነበር፤ እኔም አብሬአቸው እሥቅ ነበር። አሁን ግን ሣቁ ጠፋብኝ። እነዚያ ካህናት በውነት የሚያምኑትን ነው የተናገሩት። እኔ ግን የማላውቀውን ነገር እንደማውቀው አድርጌ፥ በሐኪሞች ስም ተናገርሁ። እንግዲህ ከነዚያ ካህናት የምሻለው በምን ነው?

ነገር ግን ታሪክ አንድ ወገን ብቻ ይዞ የሚፈርድ አይደለም። አዲስ ነገርን የፈራ ሁሉ እንደ ተሳሳተ አድርጎ የሚያወራ ሰው፥ ቀጥሎ የምናገረውን ቢሰማ ደግ ነው።

ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 ዓ.ም. ነው። የሰውን አጥንት በሕይወቱ ሳለ ማየት መቻል በዚያን ጊዜ ተአምር ነበረ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጫማ ነጋዴዎች ይህን ተአምር ለገበያ አዋሉት። በመደብራቸው ውስጥ ቁመቱ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ የእንጨት ሣጥን አቆሙ። ሕፃኑ አዲሱን ጫማ አድርጎ እግሩን ከሣጥኑ ግርጌ ባለው ቀዳዳ ያስገባል። ከላይ ሦስት መመልከቻዎች አሉ፤ አንዱ ለልጁ፥ አንዱ ለእናቱ፥ አንዱ ለሻጩ። መብራቱ ሲበራ የእግሩ ጣቶች አጥንት ከጫማው ምስማር ጋራ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ልጆች ይህን እጅግ ይወዱት ነበር፤ ጫማ ሳይገዙም እየተመላለሱ እግራቸውን ያስገቡ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አገር ብቻ ወደ 10,000 የሚሆን እንዲህ ያለ ሣጥን እንደ ነበረ ይገመታል። ሳይንስ ነው፥ ዘመናዊ ነው፥ ለልጅ እግር ጤና ነው ተብሎ ማስታወቂያ ይነገርለት ነበር። በኋላ ሲለካ ግን፥ ከሣጥኑ የሚወጣው ጨረር የልጁን እግር ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የቆሙትንም ሁሉ የሚመታ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም ይልቅ የሚያሠጋው ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ ለሚቆመው ሻጭ ነበር። የፔንሲልቫኒያ ግዛት በሕግ የከለከለው በ1957 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ከሠላሳ ዓመት በላይ እናቶች ልጆቻቸውን በገዛ እጃቸው ወደ ሣጥኑ አቅርበዋል ማለት ነው።

ከዚህ የሚያሳዝነው ደግሞ የሰዓት ቀቢዎቹ ታሪክ ነው። በኒው ጀርሲ ግዛት ኦሬንጅ በምትባል ከተማ፥ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣት ሴቶች በጨለማ የሚያበራ የሰዓት ፊት ይቀቡ ነበር። ቀለሙ ራዲየም አለበት። ብሩሹ እንዲሾል በከንፈራቸው እያሾሉ እንዲሠሩ ተነገራቸው፤ ጕዳት የለውም ተባሉ። ከነርሱም ብዙዎቹ ገና የዐሥራ ምናምን ዓመት ልጆች ነበሩ። ለጨዋታ ብለው ጥፍራቸውንና ጥርሳቸውን ጭምር ይቀቡት ነበር። ጥቂት ዓመት ቈይቶ ጥርሳቸው ይረግፍ፥ የመንጋጋ አጥንታቸው ይበሰብስ ጀመር። ብዙዎች ሞቱ። በ1927 ዓ.ም. አምስቱ ከሰሱ፤ በ1928 ዓ.ም. ካሣ ተከፈላቸው፤ ለሞት ግን ካሣው ምን ይሠራል።

እንግዲህ ሰው በዐይኑ ከማያየው ጨረር መጠራጠሩ ሞኝነት አይደለም። የእኔ ስሕተት መጠራጠሬ ሳይሆን፥ ጥርጣሬዬን እውቀት ብዬ መሸጤ ነው። ደግሞም ጨረር ሁሉ አንድ አይደለም። ራጅና ራዲየም የሚያወጡት ጨረር ሥጋን ዘልቆ፥ በሕዋሳችን ውስጥ ያለውን የዘር መልእክት ሊሰብር ይችላል፤ ነቀርሳም የሚነሣው ከዚህ ነው። የስልክ ሞገድ ግን ከራዲዮ ወገን ነው። ኀይሉ ቅንጣት በቅንጣት ቢመዘን ከፋኖስ ብርሃን እንኳ ያነሰ ስለ ሆነ ይህን መስበር አይችልም። የሚታወቅለት ሥራ፥ መጠኑ ሲበዛ ሥጋን ማሞቅ ነው። ለዚህም ስልክ ሠሪዎች እንዳያልፉት መንግሥታት የወሰኑት ልክ አለ።

ወደ ኪስ ስልክ ታሪክ እንመለስ። በ1973 ዓ.ም. ሚያዝያ 3 ቀን ማርቲን ኩፐር የሚባል የሞቶሮላ መሐንዲስ በኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ፥ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ስልክ በጆሮው ይዞ ደወለ። የደወለው ለማን ነው ቢሉ፥ ይህንኑ ነገር ቀድሞ ለመሥራት ይደክም ለነበረው ለቤል ኩባንያ ተፎካካሪው ነው። (ታላላቅ ሊቃውንትም እንደ ልጅ መፎካከር ያምራቸዋል።) ለገበያ የቀረበው ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲሆን ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር። አንድ ቀን ሕፃናት በኪሳቸው ይዘውት ትምህርት ቤት ይገባሉ ብሎ ማን ያስብ ነበር? ወደ እኛ አገር የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን በአዲስ አበባ መንገድ ሞባይል ይዞ የሚነጋገር ሰው ሲያልፍ መንገደኛው ዞሮ ያየው እንደ ነበረ አስታውሳለሁ።

ስለ ልጆች የመጀመሪያው ትልቅ ማስጠንቀቂያ የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። መንግሥት ያቋቋመውና ሰር ዊልያም ስቱዋርት የመሩት የሊቃውንት ጉባኤ በ2000 ዓ.ም. መግለጫውን አወጣ። ጕዳት አገኘን አላሉም። ነገር ግን የልጅ አንጎልና ነርቭ ገና በማደግ ላይ ስለ ሆነ፥ ከፊቱም ረጅም ዕድሜ ስላለው፥ ልጆች ያለ አስፈላጊ ጕዳይ በኪስ ስልክ እንዲነጋገሩ አይበረታቱ አሉ። ይህ የአስተዋይ ሰው ቃል ነው፤ ያላወቁትን ዐወቅን ሳይሉ አስጠነቀቁ።

ከዚያ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፥ ከ14 አገሮች የመጡ 31 ሊቃውንት በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ተሰብስበው፥ የራዲዮን ሞገድ «ምናልባት ነቀርሳ ሊያመጡ የሚችሉ» ከተባሉት ነገሮች ጋራ መደቡት። ይህ ምድብ መረጃው ጥቂት ሆኖ ሊጣል ያልተቻለው ሁሉ የሚገባበት ነው። በእስያ ልማድ የሚዘጋጀው የኮመጠጠ አትክልትና የእሬት ቅጠል ጭማቂም በዚሁ ምድብ ይገኛሉ። ሲጋራ ግን ጕዳቱ ከተረጋገጠበት ምድብ ነው። በየአገሩ ወሬው ሲሠራጭ «ምናልባት» የምትለው ቃል በመንገድ ላይ ወደቀች። እኔም የሰማሁት ያችን ቃል ያጣውን ወሬ ነበር።

ስለ ልጆች ብቻ የተደረገ ምርመራም አለ። በዴንማርክ፥ በስዊድን፥ በኖርዌይና በስዊስ ከ7 እስከ 19 ዓመት ያሉ የአንጎል ዕጢ የታመሙ 352 ልጆች ከ646 ጤነኞች ጋራ ተነጻጸሩ፤ ውጤቱ በ2011 ዓ.ም. ወጣ። ስልክ የሚይዙት ከማይዙት ይልቅ ታመው አልተገኙም። በኋላም በ14 አገሮች ከ10 እስከ 24 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ ከዚያ የሰፋ ምርመራ ተደርጎ እንደዚሁ ሆነ። በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር አይጦችን በቀን ዘጠኝ ሰዓት፥ ለሁለት ዓመት፥ መላ አካላቸውን በዚህ ሞገድ አቈይተዋቸው ነበር። በወንዶቹ አይጦች ልብ ላይ ዕጢ ተገኘ። የሚያስገርመው ግን እነዚሁ ወንዶች አይጦች ሞገድ ካልነካቸው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖሩ! ይህን ሳነብ፥ የሚፈራም የማይፈራም ከአንድ መጽሐፍ የየራሱን ገጽ ቀዶ መሄድ እንደሚችል ገባኝ። በ2024 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ያዘዘው፥ እስከዚያ ድረስ የተደረጉትን ምርመራዎች ሁሉ የሰበሰበ ጽሑፍ ወጣ። ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ በተጠቀሙት ላይ እንኳ የአንጎል ነቀርሳ ሲጨምር አላየም።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ፥ የዚያችን ልጅ የቀላ ዐይን አስታወስሁ። ጕዳቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳለ እኔ የሃያ ዓመት በኋላውን ዕጢ እተነብይ ነበር። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጽሑፍ 20 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ፥ ከ125,000 በላይ የሚሆኑ ልጆችን መረመረ። በመኝታ ሰዓት ስልክና ይህን የመሰለ ዕቃ የሚነኩ ልጆች እንቅልፋቸው ያጠረና የተበላሸ፥ ቀንም የሚያንቀላፉ ሆነው ተገኙ። እንዲያውም ሳይነኩት በአጠገባቸው ብቻ የሚያሳድሩት እንኳ ከሌሎቹ የከፋ እንቅልፍ ነበራቸው። ዕቃው ዝም ብሎ ተኝቶ ሳለ ልብ ግን አብሮ አይተኛም።

ትምህርት ቤቶች ስለዚህ ነገር ያደረጉት ትግል ራሱ ታሪክ ሆኗል። የኒው ዮርክ ከተማን ብንወስድ፥ በ2006 ዓ.ም. ክልከላውን ለማጽናት በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በር ብረት በሚፈትሽ መኪና ተማሪዎች ይፈተሹ ጀመር፤ ብዙ ሺህ ስልክ ተወሰደ። ወላጆች ግን የ2001 ዓ.ም. የመስከረም 11ን ቀን አልረሱም ነበርና፥ ልጃችን የት እንዳለ የምናውቀው በዚህ ነው ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤትም ለከተማው ፈረደ። ከዚያ ወዲያ ነጋዴዎች በትምህርት ቤቱ በራፍ የጭነት መኪና አቁመው፥ በቀን አንድ ዶላር እያስከፈሉ የተማሪውን ስልክ ያስቀምጡ ጀመር። የሚፈተሹት ይበልጡን የድኾች ሠፈር ትምህርት ቤቶች ስለ ነበሩ፥ ያን ዶላር የሚከፍለውም የድኻ ልጅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክልከላው ተነሣ። ዐሥር ዓመት ቈይቶ፥ በ2025 ዓ.ም. መስከረም፥ የኒው ዮርክ ግዛት በሙሉ ስልክን ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው በሕግ ከለከለ። ፈረንሳይ በ2018 ዓ.ም. እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ቀድማ ከልክላ ነበር።

ክልከላው ጠቀመ ወይ ለሚል፥ መልሱ አንድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በእንግሊዝ አራት ከተሞች በ91 ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት፥ ስልክ ከተከለከለ በኋላ የፈተና ውጤት ከፍ እንዳለ፥ ከሁሉም ይልቅ የተጠቀሙት ደካማ ተማሪዎች እንደ ሆኑ ተናገረ። ጐበዞቹን አልጠቀመም፥ አልጐዳምም። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አገር በ30 ትምህርት ቤቶች 1,227 ተማሪዎች ሲጠየቁ፥ የሚከለከሉትና የማይከለከሉት በመንፈስ ጤንነታቸው ልዩነት አልታየባቸውም፤ ቀን በትምህርት ቤት የቀረው ሰዓት ማታ በቤት ይካካስ ነበርና። ብዙ ሰዓት የሚያዩት ግን የትም ይማሩ የት የባሰባቸው ነበሩ። ይህ አያስደንቀኝም። ዘበኛ በር ላይ ማቆም ይቻላል፤ በሌሊት በብርድ ልብስ ውስጥ ግን ማን ዘበኛ ያቆማል?

ጥናቴን ከጨረስሁ በኋላ በዚያው ክፍል ቆሜ፥ «ስለ ስልክ የነገርኋችሁ ያልተረጋገጠ ነበር፤ እንደ ተረጋገጠ አድርጌ መናገሬም ስሕተት ነው» አልኋቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንድ ሁለቱ ሣቁ። ከዚያም ስለ እንቅልፍ ያነበብሁትን ነገርኋቸው፤ ስለ ጫማው ሣጥንም አወራሁላቸው፤ ይህንንማ ደወሉ ተደውሎም ሊለቁኝ አልወደዱም።

ያችን ልጅ ለብቻዋ አስቀርቼ፥ «በእኔ ዘንድ ጥፋት አለና ይቅር በይኝ። ነገር ግን አንቺም በሌሊት ስልክሽን ከራስሽ አርቂ፤ እንቅልፍ የለሽም» አልኋት። ጥቂት ዝም አለችና፥ «አልችልም፥ መምህር» አለች። እናትዋ ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠራተኛ ናት። አሠሪዎችዋ ተኝተው ዕቃ አጥባ ስትጨርስ፥ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ አንዳንድ ሌሊት ትደውላለች፥ አንዳንድ ሌሊት አትደውልም። ልጅቱም የትኛው ሌሊት እንደ ሆነ ስለማታውቅ ሁልጊዜ ትጠብቃለች። ያን ቀን በጠረጴዛዋ ሥር ታየው የነበረው የእናትዋን መልእክት ነው፤ ሦስት ሌሊት ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

በሰበሰብሁት ጽሑፍ ሁሉ ውስጥ ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረም። ብዙ ካሰብሁ በኋላ የቻልሁት ይህን ብቻ ነው። እናትዋ የምትደውልበትን ሌሊት አስቀድማ በመልእክት እንድታስታውቃት፥ ሌላውን ሌሊት ልጅቱ ስልኩን ለአክስትዋ ሰጥታ እንድትተኛ ተነጋገርን። እናትዋም በሳምንት ሁለት ሌሊት ለየች። ከሁለቱም በማግሥቱ ጧት ልጅቱ በክፍሌ ካንቀላፋች አልቀሰቅሳትም።

በቀሩት ቀኖች ግን ነቅታ ትቀመጣለች። ስለ ዐድዋም ሆነ ስለ ሌላ ነገር ስናገር እጅዋን ታወጣና፥ «መምህር፥ ይህ በምን ይታወቃል?» ትለኛለች። ስለዚህ ወደ ክፍል የምገባው መጽሐፉን ገጹን አጥፌ ይዤ ነው።